የዲንሾ ቤተሰብ የሳምንት ማዕድ

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት መቀመጫ በሆነችውና ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በተመሠረተችው ዲንሾ፣ የቤተሰብ ማዕድ ዐምዱ ገብስ ነው፤ እርሱም በሰባቱ ዕለታት ገንፎ፣ ቂጣ፣ በቅቤ የታሸ ጭኮ እየሆነ ይቀርባል።

በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውሃ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ስለዚህም ባቄላና ሩዝ ብዙ ጊዜና ማገዶ ይሻሉ። ዘይት ግን ከዚያ እጅግ ልቆ ስለሚግል፣ ጥቅል ጎመንን፣ ካሮትን፣ ነጭ ሽንኩርትንና ዝንጅብልን በስሱ ከትፎ፣ በብርቱ እሳት ፈጥኖ የመጥበስ የቻይናውያን ጥበብ ለደጋው ጓዳ የተስማማ ነው፤ ሥጋና ቅቤ ካልገባበትም ለረቡዕና ለዓርብ ጾም ይሆናል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ የአበውን ገብስ ሳትተው ይህንንም ጥበብ በሳምንት አንድ ዕለት ለቤተሰብህ ማዕድ ጨምርለት።