የማይነበበው «ኤስ» ከየት መጣ?

እንግሊዝኛ የሚማር ልጅ «አይላንድ» የሚለውን ቃል መጀመሪያ ሲያይ «ኢስላንድ» ብሎ ቢያነብ አይፈረድበትም። «ኤስ» የምትባለው ፊደል መሃሉ ላይ በግልጽ ተጽፋለች፤ የሚጠራት ግን የለም። «አይል» በሚለው ቃል ውስጥም እንዲሁ ናት። ሁለቱም ደሴት ማለት ናቸው፤ «አይላንድ» የዕለት ተዕለት ቃል ሲሆን «አይል» በግጥምና በቦታ ስሞች ይዘወተራል። መልክና ፍቺ እንዲህ ሲገጥም አንዱ ከሌላው የተወለደ ይመስላል። ነገር ግን ዝምድና የላቸውም።

«አይላንድ» የአገሬው የጥንት ቃል ነው። «ኢግ» ብቻውን ደሴት ማለት ነበር፤ ሥሩ ከውሃ ጋር ስለሚያያዝ የላቲኑ «አኳ» የሩቅ ዘመዱ ነው። «ላንድ» ደግሞ ምድር ነው። ይህ «ኢግ» በአንዳንድ የቦታ ስሞች መጨረሻ ላይ ዛሬም አለ። የለንደኑ ባተርሲ በጥንቱ ቋንቋ «የቤያዱሪክ ደሴት» ማለት ነበር፤ በቴምዝ ዳር ረግረግ የከበበው ከፍ ያለ መሬት ነበርና።

«አይል» ግን መጤ ነው። የላቲኑ «ኢንሱላ» በጥንቱ ፈረንሳይኛ «ኢስል» ሆነ፤ ከኖርማኖች ወረራ በኋላም ወደ እንግሊዝኛ ገባ። ያን ጊዜ ሁለቱም ቃላት ብዙውን ጊዜ ያለ «ኤስ» ይጻፉ ነበር።

በ15ኛውና በ16ኛው ክፍለ ዘመን ላቲንን የሚያከብሩ ጸሐፊዎች የጠፉ ፊደላትን መመለስ ያዙ። ዕዳ ማለት የሆነው «ዴት» የማይነበብ «ቢ» የገባበት በላቲን «ዴቢቱም» ስለሚባል ነው። «አይል» የተመለሰለት «ኤስ» እውነተኛ የትውልድ ምልክቱ ነው። «አይላንድ» ላይ ግን ያለ አንዳች መብት፣ በመመሳሰል ብቻ ተጫነ። የሚያስደንቀኝ የሕዝቡ አንደበት ነው፦ የብዕር ሰዎች ቢጽፉትም ተናጋሪው እስከ ዛሬ አልጠራውም። በቤተ ክርስቲያን ወንበሮች መካከል ያለው መተላለፊያ፣ እሱም «አይል»፣ ክንፍ ከሚለው የላቲን «አላ» የመጣ ሆኖ ሳለ በዚሁ ግራ መጋባት «ኤስ» ተለጥፎበታል።

የ«ኢንሱላ» ልጆች በሕክምናም ውስጥ አሉ። ጀርመናዊው ፓውል ላንገርሃንስ እ.ኤ.አ. በ1869 በቆሽት ውስጥ እዚህም እዚያም የተበተኑ የሕዋስ ስብስቦችን ገለጸ፤ ኋላም የላንገርሃንስ ደሴቶች ተባሉ። ከእነሱ ይመነጫል ተብሎ ለተገመተው ንጥረ ነገር በ1909 «ኢንሱሊን» የሚል ስም ወጣለት። በ1921 ተመራማሪዎቹ ባንቲንግና ቤስት ቶሮንቶ ውስጥ ንጥረ ነገሩን ከቆሽት ሲያወጡ ስሙ ቀድሞ ይጠብቀው ነበር።