የመቺ ምክር፤ ከገና ሜዳ እስከ ክሪኬት

ኳስን በዱላ መምታት የክንድ ብርታት ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። የገናን ጨዋታ ሜዳ ዳር ቆሞ የተመለከተ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ጉልበተኛው ጐልማሳ ዱላውን ከትከሻው በላይ አንሥቶ በሙሉ ኀይሉ ሲሰነዝር ብዙ ጊዜ አፈር ይዝቃል፤ ቀጠን ያለው ልጅ ግን ጐንበስ ብሎ፣ ዐይኑን ከሩሯ ሳያነሣ፣ በአንድ አጭር ምት ከሰው እግር መካከል አሾልኮ ይሰዳታል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የጉልበት ሳይሆን የዘዴ ልዩነት ነው። ዘዴ ደግሞ ከሰው ወደ ሰው በምክር የሚተላለፍ ሀብት ነው።

የገና ጨዋታ ስሙን ከልደት በዓል ጋር የሚጋራ ነው። እረኞች የጌታን መወለድ በሰሙ ጊዜ ከደስታቸው ብዛት በያዙት በትር ተጫወቱ እየተባለ ከጥንት ጀምሮ ይነገራል። መሣሪያውም ቀላል ነው፤ ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላና ከእንጨት የተጠረበች ወይም ከጠፍር የተሠራች ሩር ይበቃሉ። ወጣቶች በዓሉ ሳይደርስ አስቀድመው በተፈጥሮው የጐበጠ ቅርንጫፍ ፍለጋ ይወጣሉ። በበዓሉ ዕለት ሜዳው ለሁለት ይከፈልና የላይኛው መንደር ከታችኛው ይገጥማል። በዚያን ቀን ጌታና ሎሌ እኩል ስለሚሆኑ፣ በጨዋታው ምክንያት የተቆጣ ሰው እንደ ነውረኛ ይቈጠር ነበር።

በዚህ ሜዳ ደመወዝ የሚከፈለው አሠልጣኝ አልነበረም። አሠልጣኙ ታላቅ ወንድም፣ አጐት ወይም ትናንት ራሱ ተጫዋች የነበረ ጐረቤት ነው። ከዳር ሆኖ «ጐንበስ በል»፣ «ሩሯ እስክትደርስ ጠብቅ»፣ «ዱላህን ወደ ሰማይ አታንሣ፤ ሰው ትፈነክታለህ» ይላል። ልጁም የተባለውን ወዲያው በምቱ ይሞክራል፤ ቢሠራለት ይይዘዋል፤ ባይሠራለት ሌላ ይጠይቃል። ትምህርቱ ጽሑፍ የለውም፤ ሜዳው ራሱ መጽሐፍ ነው።

አሁን ይህ መጽሐፍ እየተዘጋ ባለበት ሰፈር ላይ ዐይናችንን እንጣል። ለቡ በአዲስ አበባ ደቡብ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚገኝ ሰፈር ነው። ቀድሞ የእርሻና የግጦሽ መሬት የነበረው ስፍራ ዛሬ በኮንዶሚኒየም ፎቆች፣ በቪላ ቤቶችና በአስፋልት ተሸፍኗል፤ ወደ ጅቡቲ የሚወስደው የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያም በዚያው ይገኛል። የከተማ ማደግ መልካም ነገር ነው። ነገር ግን ሜዳ ሲጠፋ የሚጠፋው ሣሩ ብቻ አይደለም፤ ታላቅ ለታናሽ የሚመክርበት ስፍራም አብሮ ይጠፋል። ልጁ ዱላ ሊገዛለት ይችላል። ቆሞ አመታቱን ተመልክቶ ጉድለቱን የሚነግረው ሰው ግን ከየት ይገኛል? ውድ አንባቢ፣ የዛሬው ጽሑፋችን የሚያተኩረው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው።

መልሱን ለማግኘት ከባሕር ማዶ አንድ ጨዋታ ብንመለከት ይጠቅመናል። በአጨዋወቱ ለገና የሚቀርበው ሆኪ እንደ ሆነ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን አንድ መቺ እንዴት እንደሚሻሻል እጅግ ብዙ የተመከረበትና የተጻፈበት ጨዋታ ክሪኬት ነው።

ክሪኬት ምን ዐይነት ጨዋታ ነው?

ክሪኬትን የሚጫወቱት 11 እና 11 ሰዎች ናቸው። በሜዳው መካከል 20 ሜትር ከ12 ሳንቲ ሜትር ተራርቀው በሁለት ወገን ሦስት ሦስት ችካሎች ይተከላሉ። ወርዋሪው ክንዱን ሳያጥፍ ኳሷን ወደ ችካሎቹ ይለቃል፤ ኳሷም አብዛኛውን ጊዜ መሬት ነጥራ ትመጣለች። መቺው ችካሎቹን እየጠበቀ ኳሷን ይመታል፤ ርቃ ስትሄድም ወዲያና ወዲህ እየሮጠ ነጥብ ይሰበስባል። መምቻው የሚሠራው በእኛም ወንዝ ዳር ዘመዱ ከሚበቅለው ከአኻያ እንጨት ነው፤ ስፋቱ ከ10.8 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። ኳሷ በቆዳ የተለበጠች ሆና ከ156 እስከ 163 ግራም ትመዝናለች።

ፈጣን ወርዋሪ ኳሷን በሰዓት 140 ኪሎ ሜትር ያህል ሲለቃት፣ መቺው ዘንድ ለመድረስ ግማሽ ሰከንድ እንኳ አይሞላትም። በዚህች ቅጽበት መቺው ኳሷን ማየት፣ የምታርፍበትን መገመት፣ እግሩን ማንቀሳቀስና መምታት አለበት። እንግዲህ ለማሰብ ጊዜ የለም። በዚያች ሰዓት የሚያድነው አስቀድሞ በልምምድ ከአካሉ ጋር የተዋሐደው ምክር ብቻ ነው።

ለመቺ የሚሰጡ አምስት ምክሮች

የክሪኬት አሠልጣኞች ለጀማሪ የሚነግሩት ብዙ ቢሆንም፣ ዋናው ነገር በአምስት ነጥብ ሊጠቃለል ይችላል። ለገና መቺም አብዛኛው ይሠራል።

1ኛ. አያያዝ። መምቻውን መሬት ላይ አስተኛውና መጥረቢያ አንሥቶ እንጨት ሊፈልጥ እንደሚሰናዳ ሰው አንሣው። ሁለቱ እጆች ተቀራርበው ይያዙ። የላይኛው እጅ ይምራ፤ የታችኛው ያግዝ። ጀማሪ የሚሳሳተው የታችኛውን እጅ አጥብቆ በመጨበጡ ነው፤ ያን ጊዜ መምቻው ቀጥ ብሎ መምጣቱን ትቶ ወደ ጐን ይጠርጋል።

2ኛ. አቋቋም። እግሮችህ በትከሻህ ልክ ይራራቁ፤ ጉልበቶችህ ጥቂት ይጠፉ። ክብደትህ በአንድ እግር ላይ አይውደቅ፤ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ለመንቀሳቀስ የተሰናዳህ ሁን።

3ኛ. ራስ። ራስ ከባድ ነው፤ ወደ ጐን ሲያዘነብል ሰውነት ይከተለዋል፤ መምቻውም ይስታል። ሁለቱ ዐይኖች በአንድ ደረጃ ሆነው ወርዋሪውን ይመልከቱ። ኳሷ ወዴት እንደ ሄደች ለማየት ቀና የሚባለው ከተመታች በኋላ እንጂ ከመመታቷ በፊት አይደለም።

4ኛ. እርምጃ። ኳሷ ቀርባህ የምታርፍ ከሆነ የፊት እግርህን ወደ እርሷ አውጣ። ርቃ ካረፈችና ከፍ ብላ ከነጠረች ግን ወደ ኋላ ራመድና ጊዜ አግኝ። የብዙ ጀማሪ ችግር እጁ ሳይሆን ከስፍራው የማይላቀቅ እግሩ ነው።

5ኛ. ትዕግሥት። ኳሷን ለማግኘት እጅህን አትዘርጋ፤ ከዐይንህ ሥር እስክትመጣ ጠብቃት። ብዙ ምት የሚበላሸው በመዘግየት ሳይሆን በመቸኰል ነው።

በገና ጨዋታ ደግሞ ሩሯ በመሬት የምትንከባለል ስለ ሆነች፣ መቺው በወገቡ ብቻ ሳይሆን በጉልበቱም ዝቅ ማለት ይገባዋል። ከምቱ በኋላ ዱላው በዝቅታ ይለፍ። ከጉልበት በላይ የወጣ ዱላ የሚጐዳው ባላጋራን ብቻ አይደለም፤ የገዛ ወገንንም ነው።

ምክር ይፈተናል

ምክር መልካም ነው ሲባል ግን የተባለ ሁሉ እንደ ሕግ ይያዝ ማለት አይደለም። ለምሳሌ «ዐይንህን ከኳሷ አትንቀል» የሚለውን ምክር ሁሉም ያውቀዋል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2000 ዓ.ም. ማይክል ላንድና ፒተር ማክሊዮድ የተባሉ ሁለት የእንግሊዝ ሀገር ሊቃውንት በመቺዎች ራስ ላይ ካሜራ አስረው የዐይናቸውን እንቅስቃሴ መረመሩ። መቺው ኳሷን ከመነሻ እስከ መድረሻ አይከተላትም። ከወርዋሪው እጅ ስትለቀቅ ያያታል፤ ከዚያም ዐይኑ ቀድሟት ትነጥርበታለች ብሎ ወደ ገመተው ስፍራ ይዘላል፤ ከነጠረች በኋላ እንደ ገና ለጥቂት ጊዜ ይከተላታል። የተሻለው መቺ ዐይኑን ወደዚያ ስፍራ ቀድሞ የሚያደርስ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ የቀድሞው ምክር ሐሰት ባይሆንም ሲብራራ ይበልጥ ይጠቅማል፤ ይኸውም፦ «የወርዋሪውን እጅ ተመልከት፤ የምታርፍበትንም ቶሎ ፈልግ» ማለት ነው።

ሌላም ምሳሌ አለ። ራንጂትሲንጂ የተባለው ሕንዳዊ ልዑል በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በካምብሪጅ ተማሪ ሳለ፣ ፈጣን ኳስ ሲመጣበት ወደ ጐን መሸሽ ይወድ ነበር ይባላል። አሠልጣኙም እንዳይሸሽ የኋላ እግሩን በገመድ ከመሬት ጋር አሰረው እየተባለ ይተረካል። እግሩ መንቀሳቀስ ስለ ተከለከለ፣ ወጣቱ ወደ ሰውነቱ የምትመጣውን ኳስ በእጁ አንጓ ብቻ ገፋ አድርጎ ወደ ኋላ ማሳለፍ ለመደ። ይህ አመታት ኋላ ስሙን በዓለም አስጠራው። ምክሩ ጉድለትን ለማረም የተሰጠ ነበር፤ ተማሪው ግን አዲስ ጥበብ አወጣበት።

አውስትራሊያዊው ዶናልድ ብራድማን ደግሞ በልጅነቱ ቦውራል በተባለችው ትንሽ ከተማ፣ በቤቱ የውሃ ጋን ማስቀመጫ ግንብ ላይ የጐልፍ ኳስ እየወረወረ፣ ስትመለስ በቀጭን የክሪኬት ችካል ይመታት ነበር። ግንቡ ክብ ስለ ነበረ ኳሷ ወዴት እንደምትነጥር አይታወቅም፤ ችካሉም ቀጭን ስለ ነበረ ያለ ጥንቃቄ አይነካትም። በዚህ ያደገው ልጅ ከ1928 እስከ 1948 በ52 የሀገር ለሀገር ግጥሚያዎች 6,996 ነጥብ ሰብስቦ፣ በአማካይ 99.94 በማምጣት እስከ ዛሬ ያልተደረሰበት መቺ ሆነ። የመምቻ አያያዙ ከተለመደው የተለየ ስለ ነበረ እንዲለውጥ የመከሩት ሰዎች ነበሩ። እርሱም ሞክሮ አይቶ የራሱን መረጠ። ምክርን መስማትና ምክርን መፈተን እንደማይጣሉ ከዚህ እንረዳለን።

መካሪውስ እንዴት ይምከር?

መካሪ ለመሆን ታላቅ ተጫዋች መሆን ግድ አይደለም፤ ማየትና መታገሥ ግን ግድ ነው። በመጀመሪያ፣ ቢያንስ አሥር ምት ሳታይ አትናገር። ሁለተኛ፣ በአንድ ቀን አንድ ነገር ብቻ ንገር። እጅህን፣ እግርህን፣ ራስህን አስተካክል እየተባለ በአንድ ጊዜ የሚጮኽበት ልጅ አንዱንም አይዝም። ሦስተኛ፣ «ተሳሳትህ» ከማለት «ቀድመህ ቀና አልህ» ማለት ይበልጣል፤ የመጀመሪያው ያሳፍራል፤ ሁለተኛው ያስተምራል። አራተኛ፣ ልጁ የነገርከውን ለታናሹ እንዲነግር አድርግ። ያስተማሩትን ያህል የሚጸና ትምህርት የለምና።

በጠባብ ስፍራ ምን ይደረግ?

የለቡ ወላጅ «ሜዳው የት አለ?» ብሎ ቢጠይቅ ትክክል ነው። ሆኖም ለመጀመሪያው ትምህርት ሰፊ ሜዳ አያስፈልግም። ኳስን አሮጌ ካልሲ ውስጥ ከትቶ፣ ከልብስ ማስጫ ገመድ በጉልበት ከፍታ አንጠልጥሎ፣ ራስን ሳያንቀሳቅሱ በቀስታ መምታት ይቻላል። አመታቱ ትክክል ከሆነ ኳሷ ወደ ፊት ሄዳ በዚያው መስመር ትመለሳለች፤ ጠማማ ከሆነ ትዞራለች። እንግዲህ ካልሲው ራሱ መካሪ ሆነ ማለት ነው። የቴኒስ ኳስ ካለ ደግሞ መስኮት በሌለው ግድግዳ ላይ እየወረወሩ ስትመለስ በአንድ እጅ፣ ይኸውም በላይኛው እጅ ብቻ፣ መምታት ያለማምዳል። ለገና ሲሆን ሁለት ድንጋይ አኑሮ፣ ሩሯን በዝቅታ በመካከላቸው ማሳለፍ፣ ሲለመድም ድንጋዮቹን ማቀራረብ ነው። በዚህ ሁሉ ወንድም ሴትም ልጆች እኩል ሊሳተፉ ይችላሉ።

ጐረቤቶቻችን ከትንሽ ተነሥተው የደረሱበትም ሊያበረታን ይገባል። ኬንያ በ2003 በዓለም የክሪኬት ዋንጫ ለግማሽ ፍጻሜ ደርሳለች። ኡጋንዳ በ2024 በአጭሩ የክሪኬት ዐይነት ለመጀመሪያ ጊዜ በዓለም ዋንጫ ተሳትፋ ፓፑዋ ኒው ጊኒን አሸንፋለች። ሩዋንዳም ከ2017 ጀምሮ በጋሃንጋ የራሷ የክሪኬት ሜዳ አላት። በእኛም በኩል ገና ከባህል ስፖርቶቻችን አንዱ ሆኖ ደንብ ወጥቶለት በውድድር የሚካፈሉበት ጨዋታ ነው። ስለዚህ የለቡ ልጅ አመታቱን ቢያሻሽል የሚያሳይበት አደባባይ አያጣም።

የሚቀረው ስፍራውን መጠበቅ ነው። የጋራ መኖሪያ ቤቶች ማኅበራት ከመኪና ማቆሚያው አጠገብ ያለችውን ቁራሽ መሬት ለልጆች ቢከልሉ፣ ትምህርት ቤቶችም ቅዳሜ ጧት ግቢያቸውን ለአንድ ሰዓት ቢከፍቱ ወጪው ጥቂት ነው። የገናን ጨዋታ በልጅነታቸው የተጫወቱ አባቶችና አጐቶች ዛሬም በየፎቁ ይኖራሉ። የሚያውቁት ዘዴ ከእነርሱ ጋር ተቀብሮ እንዳይቀር፣ ልጆቹ ዱላቸውን ይዘው ወደ እነርሱ ይሂዱ፤ እነርሱም ወደ ግቢው ይውረዱና አሥር ምት ተመልክተው አንድ ነገር ይንገሯቸው።