የአንድ ኪሎ ሽንኩርት የመጨረሻ ጉዞ

የአካባቢ ጥበቃ ተቆርቋሪዎች በየአገሩ ከሚሰጧቸው ምክሮች አንዱ «ምግባችሁን ከቅርብ ገበያ ግዙ» የሚል ነው። ምግብ ከማሳ እስከ ገበታ በተጓዘ መጠን ነዳጅ ይቃጠላል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ወደ አየር ይለቀቃል። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ልኬት ግን ይጎድለዋል። በ2008 እ.ኤ.አ. ዌበርና ማቲውስ የተባሉ ተመራማሪዎች የአሜሪካ ቤተሰቦችን አመጋገብ መርምረው፣ ምግብ መደብር እስኪደርስ ከሚያስከትለው የሙቀት አማቂ ጋዝ ውስጥ የማጓጓዣ ድርሻ 11 በመቶ ያህል ብቻ መሆኑን፣ 83 በመቶው ግን ከማምረት ሂደት እንደሚመነጭ አሳይተዋል። ታዲያ ሾላ ገበያ ወርዶ ሽንኩርት መግዛት ለአካባቢ ይበጃል የምንለው በየትኛው ሂሳብ ነው?

ሂሳቡ ያለው ከመደብሩ ወዲህ፣ በመጨረሻው ጉዞ ላይ ነው። እስቲ እናስላው። ባቱ (ዝዋይ) ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። 50 ኩንታል ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ በ100 ኪሎ ሜትር 20 ሊትር ናፍጣ ይፈጃል እንበል። ባዶውን የሚመለስበትን መንገድ ጨምረን 320 ኪሎ ሜትር ብንቆጥር 64 ሊትር ይሆናል። ለ5,000 ኪሎ ሲካፈል ለአንድ ኪሎ ሽንኩርት የሚደርሰው 13 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ የሾርባ ማንኪያ እንኳ አይሞላም።

አሁን ደግሞ አንድ ሰው 5 ኪሎ ሜትር ርቆ ወደሚገኝ መደብር በቤት መኪና ሄዶ 5 ኪሎ ሽንኩርት ገዝቶ ይመለስ። መኪናው በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር ቤንዚን ከፈጀ፣ ለደርሶ መልሱ 1 ሊትር፣ ለአንድ ኪሎ ሽንኩርት ደግሞ 200 ሚሊ ሊትር ተቃጠለ ማለት ነው። ይህ ሽንኩርቱን ከባቱ ካመጣው ናፍጣ 15 እጥፍ ይበልጣል! ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከአንድ ቶን በላይ የሚመዝን ብረት ለ5 ኪሎ ጭነት ሲባል እየተንቀሳቀሰ ነው። በ12 ሰው ሚኒባስ ታክሲ የሄደ ገዢ ድርሻው በኪሎ ወደ 20 ሚሊ ሊትር ይወርዳል። በእግሩ የሄደ ግን ነዳጅ አልነካም። የኤሌክትሪክ መኪና ስሌቱን እንደሚያሻሽል አልክድም፤ ክብደቱ ግን ያው ክብደት ነው።

ተማሪዎቼ ዘወትር የሚያነሡት ስለ ፌስታል ነው። 5 ግራም የሚመዝን ፌስታል ጥሬ ዕቃውን ጨምሮ ለመሥራት የሚወስደው ኃይል ግማሽ ሜጋጁል አይሞላም፤ ያ 1 ሊትር ቤንዚን ግን 32 ሜጋጁል ያህል ይዟል። የፌስታል ጥፋት ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ አይበሰብስም፣ ቦይ ይደፍናል፣ ከብት ይገድላል። በ2017 ዓ.ም. የሚከለክለው አዋጅ መጽደቁም ተገቢ ነው። ሆኖም ዘንቢል በመኪና ጭኖ አሥር ኪሎ ሜትር መንዳት አረንጓዴ ኑሮ አይባልም።

ገበያው ሌላም በጎ ጎን አለው፤ ማቀዝቀዣ የለውም። ጎመን የምትሸጠው እናት በየጊዜው በቅጠሉ ላይ ውኃ የምትረጨው ለማሳመር ብቻ አይደለም። አንድ ኪሎ ግራም ውኃ ሲተን 2.4 ሜጋጁል ያህል ሙቀት ከቅጠሉና ከአካባቢው አየር ይወስዳል። ሩብ ሊትር ውኃ ተኖ ካለቀ የሚወስደው ሙቀት ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ በረዶ ለማቅለጥ ይበቃል። ዘዴው በደረቁ የበጋ አየር በደንብ ይሠራል፤ በክረምት አየሩ ራሱ በእርጥበት ስለሚሞላ ትነቱ ይዘገያል። በእርግጥ ያልተሸጠው ቢበሰብስ ለማምረት የወጣው ኃይል ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ስለሆነም ገበያው የሚያዋጣው ቅርብ ሆኖ ሰው በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ሲገዛ ነው።

እዚህ ላይ ገበያው የሚቆምበት ቦታ ትልቅ ጉዳይ ይሆናል። የፒያሳው አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ወደ ጃንሜዳ፣ ቀጥሎም ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ተዛውሯል። የጅምላ ገበያ ወደ ከተማ ዳር ቢወጣ ጭነቱ በብዛት ስለሚጓዝ በነዳጅ በኩል የሚደርሰው ጉዳት አነስተኛ ነው። የሰፈር ጉሊት ሲነሣ ግን ነገሩ ይለወጣል። በእግራቸው ይገበዩ የነበሩ 1,000 አባወራዎች በየሳምንቱ 5 ኪሎ ሽንኩርት ለመግዛት ያንኑ 10 ኪሎ ሜትር በመኪና ቢነዱ በሳምንት 1,000 ሊትር ቤንዚን ያቃጥላሉ። የሚሸከሙት በድምሩ 50 ኩንታል ነው፤ አይሱዙው ያንኑ ጭነት ከባቱ ድረስ ያመጣው በ64 ሊትር ነበር።