ኤርብራሽ፣ ወተትና ሳንባ

ኤርብራሽ በሦስት ጣት የሚያዝ ትንሽ የቀለም መርጫ ነው። ቁልፉን ወደ ታች ሲጫኑት አየር ይወጣል፤ ወደ ኋላ ሲስቡት ቀለም ይከተላል። የአፍንጫው ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ቀለሙን ሳያጣራ የሚሞላ ሰው ቀኑን መርፌ ሲፈታ ይዋል። ኮምፒውተር ከመምጣቱ በፊት ፎቶግራፍ ቤቶች ጉድለት የሚያርሙት በዚህ ነበር። እኛ ዘንድ ግን የጋራዥ ስፕሬይ ታናሽ ወንድም ተደርጎ ይናቃል። ከጥቁር ወደ ነጭ ያለ ብሩሽ ፈለግ የሚሸጋገር ጥላ ማውጣት የሚችል ሌላ መሣሪያ እስኪ ያሳዩኝ!

ከቴዎድሮስ አደባባይ ወደ ፒያሳ በሚያወጣው መንገድ አንድ ወጣት ሄልሜት ላይ አንበሳ ሲረጭ ቆሜ አየሁ። እጁ ድንቅ ነው። የኮምፕሬሰሩ ግፊት ግን 60 ፒኤስአይ ላይ ቆሟል፤ አደባባዩ ላይ ያለው የሴባስቶፖል መድፍ ተጋብቶበት መሰለኝ። ለቀጭን መስመር ከ15 እስከ 20 ይበቃል። ከመጠን ሲያልፍ ቀለሙ ከሄልሜቱ ነጥሮ ወደ ረጪው ፊት ይመለሳል። አፍንጫውንም አልሸፈነም።

«ጭምብልህስ?» አልኩት።

«ችግር የለም ጋሼ፣ ማታ ወተት እጠጣለሁ።»

ይህን መልስ ከቀለም ቀቢም ከበያጅም ስንቴ ሰማሁት! ወተት ገዝቶ በመስጠት ግዴታውን የተወጣ የሚመስለው አሠሪም አለ። ወተት የሚወርደው ጨጓራ ውስጥ ነው፤ የቀለሙ ጉም የሚገባው ሳንባ ውስጥ። ከጉሮሮ በታች መንገዳቸው ለየቅል ነው። የቲነር ትነት ከሳንባ ወደ ደም፣ ከደም ወደ አንጎል ያልፋል፤ ከሥራ በኋላ የሚያዞረውም ራስ የሚያሳምመውም እሱ ነው። ወተቱ እዚያ ሲደርስ ምን ሊያጥብ? ወተት ጥሩ ምግብ ነው፣ ይጠጣ፤ የጭምብል ምትክ ግን አይሆንም።

በኮሮና ጊዜ የለመድነው የጨርቅ ማስክም የቲነር ትነት አያቆምም። የሚያስፈልገው ፊት ላይ ገጥሞ የሚቀመጥ፣ የትነትና የብናኝ ማጣሪያ ያለው ጭምብል ነው፤ ሽታው ከተሰማህ ወይ አልገጠመም ወይ ማጣሪያው አልቋል። «የኔ ቀለም በውኃ የሚቀጥን ነው» የምትለውም አትዘናጋ፤ በብሩሽ ሲቀባ የማይጎዳ ቀለም ጉም ሲሆን ይተነፈሳል። መስኮት ክፈት። ደግሞ ቲነር በሚረጭበት ክፍል ከሰል አያይዞ ቡና ማፍላት ምን የሚሉት ድፍረት ነው?

ከማጠንከሪያ ጋር የሚደባለቀው የመኪና ቀለም ለብቻው መነሳት አለበት። ብዙዎቹ ማጠንከሪያዎች አይሶሳያኔት አለባቸው፤ ይህ ነገር ዘላቂ አስም ሊያስይዝ ይችላል። በጠረን ስለማያስጠነቅቅ ማጣሪያው ማለቁን አፍንጫህ አይነግርህም። ስለዚህ ንጹሕ አየር ከውጭ በቱቦ የሚቀበል ጭምብል ከሌለህ፣ ያንን ቀለም በኤርብራሽህ ውስጥ አትጨምረው።