የልዕለ ጀግና ፊልም እና ልቦለዱ

የፊልም ልቦለድ ማለት አስቀድሞ ለፊልም የተጻፈን ታሪክ ወደ መጽሐፍ ቀይሮ የሚያቀርብ ልቦለድ ነው። ከመጽሐፍ ወደ ፊልም የሚሄደው የተለመደ መንገድ እዚህ ላይ ይገለበጣል። ከባትማን፣ ከስፓይደርማንና ከመሳሰሉት የልዕለ ጀግና (ሱፐርሂሮ) ፊልሞች ብዙዎቹ እንዲህ ያለ መጽሐፍ አላቸው። ፊልሙን አይቶ መጽሐፉን የሚያነብ ሰው ግን በፊልሙ ያላያቸው ትዕይንቶች ወይም የተለወጡ ዝርዝሮች ሊያጋጥሙት ይችላሉ። ይህ ብዙ ጊዜ የደራሲው ስሕተት ሳይሆን ከአሠራሩ የሚመጣ ነው።

የልዩነቱ ምክንያት

መጽሐፉ ፊልሙ በሚታይበት ሰሞን ገበያ ላይ እንዲውል ስለሚፈለግ ደራሲው ሥራውን የሚጀምረው ፊልሙ ገና ሳያልቅ ነው። በእጁ ያለው ስክሪፕቱ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ዳይሬክተሩ አንድ ትዕይንት ቢቆርጥ ወይም ንግግር ቢለውጥ መጽሐፉ ለውጡን አያውቀውም። ነገሩ ከአንድ ፕሮግራም የቆየ ቨርዥን ላይ ቅጂ እንደ መውሰድ ነው፤ ዋናው እየታረመ ሲሄድ ቅጂው ባለበት ይቀራል።

ከልዕለ ጀግና ፊልሞች ውጭ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው «ስታር ዋርስ» ነው። ልቦለዱ የታተመው በ1976 እ.ኤ.አ. ሲሆን ፊልሙ የታየው በ1977 ነው። በሽፋኑ ላይ ያለው የጆርጅ ሉካስ ስም ቢሆንም ጸሐፊው አላን ዲን ፎስተር ነበር። በመጽሐፉ ውስጥ ሉክ የሚበርበት ጓድ «ሰማያዊ» ይባላል፣ በፊልሙ ውስጥ ግን «ቀይ» ነው።

ባትማን ቢጊንስ

በክሪስቶፈር ኖላን የተዘጋጀው «ባትማን ቢጊንስ» በ2005 እ.ኤ.አ. ለዕይታ በቃ። ስክሪፕቱን የጻፉት ኖላንና ዴቪድ ጎየር ሲሆኑ ልቦለዱን የጻፈው ዴኒስ ኦኒል ነው። ኦኒል ለዚህ ሥራ እንግዳ አልነበረም። የፊልሙን ዋና ባላጋራ ራስ አል ጉልን ከሠዓሊው ኒል አዳምስ ጋር በ1971 እ.ኤ.አ. በኮሚክ መጽሐፍ የፈጠረው እሱ ራሱ ነው። ስለዚህ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ የራሱን ገጸ ባሕርይ በሌሎች ስክሪፕት መሠረት እንደገና ጻፈው። በኮሚኩ ራስ አል ጉል በልዩ ኩሬ እየታደሰ ለብዙ መቶ ዓመታት የኖረ ሰው ነው፤ በፊልሙ ግን ኩሬው የለም።

የሁለቱ ጥበቦች ልዩነት ጎልቶ የሚወጣው በምሥጢሩ ላይ ነው (ፊልሙን ያላየ ሰው የሚቀጥለውን አንቀጽ ቢዘለው ይሻላል)።

ብሩስ ዌይንን የሚያሠለጥነው ሰው ራሱን ዱካርድ ብሎ ያስተዋውቃል፤ ራስ አል ጉል ነው ተብሎ የሚቀርበው ሌላ ሰው ነው። እውነተኛው ራስ አል ጉል አሠልጣኙ መሆኑ የሚታወቀው ወደ ፊልሙ መጨረሻ ገደማ ነው። ካሜራ ፊት ያሳያል እንጂ ስም አይጠራም። የሚዋሹት ገጸ ባሕርያቱ ናቸው፣ ፊልሙ ራሱ አልዋሸም። በልቦለድ ግን ተራኪው ሰውየውን በአንድ ስም መጥራት ግድ ይለዋል። «ዱካርድ ተነሣ» ብሎ ከጻፈ ውሸቱ የተራኪው ይሆናል፤ ትክክለኛውን ስም ከጻፈ ደግሞ ምሥጢሩ ያልቃል። በአንጻሩ ልቦለድ ጭምብል ያጠለቀ ሰው በውስጡ የሚያስበውን በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ይችላል። ፊልም ይህንን ለማሳየት ተዋናይ፣ ሙዚቃና ብዙ ደቂቃ ያስፈልገዋል።

ልቦለዱ ያልሆነ ልቦለድ

በ1978 እ.ኤ.አ. ክሪስቶፈር ሪቭ የተወነበት «ሱፐርማን» ሲወጣ የተለየ ነገር ተከሰተ። ከስክሪፕቱ ጸሐፊዎች አንዱ የሆነው ማሪዮ ፑዞ በነበረው ውል ምክንያት የፊልሙ ልቦለድ አልታተመም። በምትኩ ኤሊየት ማጊን የጻፈው ሌላ የሱፐርማን ልቦለድ የፊልሙ ፎቶግራፍ በሽፋኑ ላይ ተደርጎ ተሸጠ። በውስጡ ያለው ታሪክ ከፊልሙ ጋር አይገናኝም፤ ሕፃኑን የሚያሳድጉትን ባልና ሚስት በመምረጥ ረገድ አልበርት አንስታይን ጭምር ድርሻ አለው። ሽፋኑን አምኖ የገዛ አንባቢ ሌላ ታሪክ አገኘ ማለት ነው፤ መጽሐፉ ግን በራሱ መጥፎ አልነበረም።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ የበለጠ የሚታወቀው ከመጽሐፍ ወደ ሌላ መንገድ የሚደረገው ጉዞ ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ተተርኮ መጽሐፉን ላላነበበ ሰው ሁሉ ደርሷል። የልዕለ ጀግና ታሪክም ቢሆን የጀመረው ከወረቀት ነው፤ የብስራት ደበበ «ጀምበር» በ2018 እ.ኤ.አ. በኮሚክ መጽሐፍ መልክ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ወጥቷል።

ለፊልም ልቦለድ የሚቀርበው «ትርጉም ፊልም» የሚባለው ነው። ተራኪው የውጭውን ፊልም በአማርኛ እየተናገረ ንግግሩን ያሳጥራል፣ የገጸ ባሕርዩን ሐሳብ ያብራራል፣ አንዳንዴም የራሱን ቀልድ ይጨምራል። ሥራው የልቦለድ ጸሐፊውን ይመስላል፤ ልዩነቱ ተራኪው የሚነሣው ከስክሪፕት ሳይሆን ካለቀው ፊልም መሆኑ ነው። ስለዚህ የተቆረጠ ትዕይንት አይገኝበትም፣ የተጨመረ አስተያየት ግን ይገኛል። እንግሊዝኛ ለማይሰማ ተመልካች የገጸ ባሕርዩ ሐሳብ ተራኪው የነገረው ነው፤ ተሳስቶም ቢሆን ማነጻጸሪያ የለውም። የጉባ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በማንኩሽ ደግሞ አንድ እርከን ይጨመራል። አማርኛ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የሥራ ቋንቋ ቢሆንም አፉን በጉሙዝኛ ለፈታ ተመልካች ትረካው ራሱ በሁለተኛ ቋንቋ የሚሰማ ነው።