«ጠበቅ አድርጊው» ለምትሉን

ወንበር ላይ የተቀመጠች ሴት የራሷን አናት አታይም። መስታወቱ ፊቷንና ግንባሯን ያሳያታል፤ መሐል አናቷን፣ ከጆሮዋ በላይ ያለውን ዳርና ማጅራቷን የምናየው ከኋላዋ የቆምነው እኛ ነን። ፀጉር ደግሞ ብዙ ጊዜ መሳሳት የሚጀምረው ባለቤቷ በማታየው በዚያው ቦታ ነው። ስለዚህ እኛ ፀጉር ሠሪዎች ካየን በኋላ ዝም የማለት መብት ያለን አይመስለኝም። ደንበኛዋ እንዳይከፋት፣ ወይም ሥራው እንዳያመልጠን ብለን ዝም ስንል፣ በጊዜ ቢደረስለት ይተርፍ የነበረ ፀጉር እጃችን ላይ ያልቃል።

እዚህ አዲስ አበባ በብዛት የማየው መሳሳት ከግንባር ዳርና ከጆሮ በላይ ያለው ነው። «ግንባሬ ሰፋ» ብለው ይመጣሉ። አንዷ «ዓይን ነው» ትላለች፤ ሌላዋ «እናቴም እንዲሁ ናት» ትላለች። እኔ ግን ጥያቄዬን ከሹሩባው ነው የምጀምረው። ስንት ሳምንት ታቆዪዋለሽ? ከፈታሽ በኋላ በስንት ቀንሽ መልሰሽ ትሠሪያለሽ? የተሠራሽ ዕለት ማታ እንቅልፍ ይወስድሻል? የመጨረሻው ጥያቄ ላይ አብዛኞቹ ይስቃሉ። የመጀመሪያው ሌሊት ማስታገሻ ውጦ መተኛት እንደ ወጉ ተቆጥሯልና።

ወጉ መሆን አልነበረበትም። ሹሩባ ሲያም የፀጉሩ ሥር እየተነቀለ መሆኑን ቆዳው እየተናገረ ነው። ሐኪሞች በጉተታ ብዛት የሚመጣውን መመለጥ ትራክሽን አሎፔሺያ ይሉታል። የእኛ አገር ሴቶች ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ከመቶ ዓመት በፊት በሕክምና ጽሑፍ ሲመዘገብ የታየው ፀጉራቸውን ወደ ላይ ሰብስበው ጥብቅ አድርገው በሚያስሩ የግሪንላንድ ሴቶች ላይ ነበር። ጥቅልል ፀጉር ለጉተታ ይበልጥ የተጋለጠ ቢሆንም ማንኛውም ዓይነት ፀጉር ለረጅም ጊዜ ከተጎተተ ይለቃል።

እንዴት እንደምለየው ላሳያችሁ። የግንባሩን ዳር በጣቴ ገለጥ ሳደርግ ከሁሉም ፊት አጫጭር፣ ለስላሳ ፀጉሮች በቀጭኑ ተሰልፈው አገኛለሁ። ከእነሱ ኋላ ደግሞ አንድ ወይም ሁለት ጣት የሚያህል የሳሳ ቦታ አለ፤ ከዚያ በኋላ ነው ሙሉው ፀጉር የሚጀምረው። እነዚያ የፊተኞቹ የተረፉት አጭር በመሆናቸው ሹሩባው ውስጥ ስላልገቡ፣ ጉተታው ስላልደረሰባቸው ነው። ይህን መልክ ሳይ ከዓይን ጋር ምንም ጉዳይ እንደሌለው አውቃለሁ። ቀጥሎ ቆዳውን አያለሁ። የፀጉር መውጫ ቀዳዳዎቹ አሁንም የሚታዩ ከሆነ፣ እዚህም እዚያም ቀጫጭን አዲስ ፀጉር ብቅ ብቅ ካለ፣ ጉተታው ሲቆም የመመለስ ተስፋ አለ። ቆዳው ከለሰለሰና ካብረቀረቀ፣ ቀዳዳዎቹም ከጠፉ፣ ሥሩ ጠባሳ ይዟል ማለት ነው፤ ያ ቦታ በቅባት ብዛት አይመለስም። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ዓመታት ሊሆን ይችላል፤ ያ ጊዜ ነው በእኛ ዝምታ የሚባክነው።

«ጠበቅ አድርጊው፣ ላላ ካለ ቶሎ ይፈርስብኛል» የሚለው ልመና ከየት እንደሚመጣ ይገባኛል። የሹሩባና የስፌት ዋጋ ቀላል አይደለም፤ ለፋሲካ የተሠራችው እስከ ሰኔ ብታቆየው ትወዳለች። ግን ሹሩባን የሚያቆየው ጥብቀቱ አይደለም። የመክፈያው መስመር ጥርት ማለት፣ የሚያዘው ፀጉር እኩል መሆን፣ ማታ በሳቲን መሸፈኑ ነው የሚያቆየው። ፀጉር በወር ወደ አንድ ሴንቲ ሜትር ስለሚያድግ ምንም ያህል ብታጠብቁት ሥሩ መላላቱ አይቀርም። ከዚያ በኋላ የተጨመረው ዊቭ ክብደት በሙሉ የሚንጠለጠለው በዚያች አዲስ በበቀለች ቀጭን ፀጉር ላይ ነው። ስለዚህ ለስፌት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት በላይ አልመክርም፤ ዳሯ ለሳሳባት ደግሞ ከዚያም ያነሰ።

ዳሯ የሳሳባትን ስሠራ የግንባሯን ፀጉር አልነካውም፤ እንደተለቀቀ በጥቂት ጄል አስተኛዋለሁ። ሹሩባውን ከዳሩ ኋላ እጀምራለሁ፤ የሚጨመረውንም ፀጉር ከመነሻው ሳይሆን ወረድ ካለ በኋላ አስገባዋለሁ። ስጨርስ ቅንድቧን ወደ ላይ እንድታነሳ እጠይቃታለሁ። ቆዳዋ አብሮ ከተወጠረባት ፈትቼ እንደገና እሠራለሁ፤ ጊዜ ይወስዳል፣ ግን እዚያው ወንበር ላይ መታረም ያለበት ነገር ነው። ከሄደች በኋላ ዳሩ ላይ ትናንሽ እብጠት ወይም መግል የያዘ ነገር ካየች ቀን ሳትቆጥር ትፍታው። እኔን መጠበቅ የለባትም።

ሹሩባ ሲፈታ በሚወጣው ፀጉር ብዛት የሚደነግጡ አሉ። ጤነኛ ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር ይረግፍበታል። ለአንድ ወር ተሠርቶ የቆየ ሹሩባ ውስጥ ከ1500 እስከ 3000 የሚደርስ የረገፈ ፀጉር ሳይወድቅ ተይዞ ይቆያል ማለት ነው፤ ጭብጥ የሚሞላ ቢወጣ አያስደንቅም። እኔ የምመለከተው ከብዛቱ ይልቅ የፀጉሩን ጫፍ ነው። ከማበጠሪያው ላይ አንዷን ዘለላ አንስቼ ጥቁር ፎጣ ላይ አስቀምጣታለሁ። በአንድ ጫፏ ነጭ፣ የክብሪት ራስ መሳይ ትንሽ እብጠት ካላት ጊዜዋን ጨርሳ ከሥሯ የረገፈች ናት። ያ ነጭ ነገር ከሌላትና አጭር ከሆነች ተሰብራለች። መሰበር የእኛ የሙያ ጉዳይ ነው፦ ሪላክሰር፣ ፒያስትራ፣ ደረቅ ፀጉር ማበጠር። ከሥር መርገፍ በዝቶ ከታየ ግን መልሱ ብዙ ጊዜ ያለው ከሳሎን ውጪ ነው።

ለምሳሌ ከወለደች ሦስት ወይም አራት ወር የሆናት እናት እያለቀሰች ትመጣለች። በእርግዝና ጊዜ ሳይረግፍ የቆየው ፀጉር አሁን ባንድ ላይ እየወረደ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ልጁ ዓመት ሳይሞላው ይመለሳል። ለእሷ ውድ ትሪትመንት መሸጥ ነውር ነው። ከባድ ትኩሳት፣ ታይፎይድ ወይም ቀዶ ሕክምና ያለፈባትም እንዲሁ፤ ፀጉሩ የሚረግፈው ሕመሙ ካለፈ ከሁለትና ሦስት ወር በኋላ ስለሆነ ሁለቱን አታገናኛቸውም። ከዓረብ አገር የሚመለሱ እህቶች «ውሃው ነው የጨረሰኝ» ሲሉኝ በመጀመሪያ የምጠይቀው ስለ እንቅልፋቸውና ስለ ምግባቸው ነው። በቀን አራት ሰዓት ተኝቶ፣ ከሰው የተረፈ በልቶ፣ በሐሳብ ዓመታትን ያሳለፈ አካል ለፀጉር የሚተርፈው ነገር የለውም። እነዚህ እህቶች ከሻምፖ በፊት ምርመራ ይገባቸዋል። የደም ማነስና የብረት እጥረት፣ የታይሮይድ ዕጢ ችግር በደም ምርመራ ይታወቃሉ። የወር አበባዋ የሚበዛባትን፣ ከምግብ ጋር አብራ ሻይ ወይም ቡና የምትጠጣውን ለይቼ እነግራታለሁ፤ ሁለቱም መጠጦች ሰውነት ከምግቡ ብረት እንዳይወስድ ያደርጋሉ። አንድ ሰዓት ያህል አቆይቶ መጠጣት ምንም ወጪ የለውም።

ሁለት ነገር ስናይ ደግሞ እጃችንን መሰብሰብ አለብን። አንደኛው መሐል አናት ላይ ጀምሮ በክብ እየሰፋ የሚሄድ፣ የሚያሳክክ ወይም የሚያቃጥል መሳሳት ነው። ይህ ጠባሳ የሚተው ዓይነት ሊሆን ስለሚችል እያንዳንዱ ሳምንት መዘግየት ዋጋ ያስከፍላል፤ የቆዳ ሐኪም ጋ ነው መሄድ ያለባት፤ እዚህ ከተማ ላለች አለርት ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና አለው። ሁለተኛው የልጆች ቆረቆር ነው። በልጁ ራስ ላይ ቅርፊት ያለው፣ ፀጉሩ ከቆዳው እኩል የተቆረጠ የሚመስል ቦታ ካለ ፈንገስ ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል። ሥሩ ድረስ ስለሚገባ በቅባት ብቻ አይድንም፤ በሐኪም የሚታዘዝ የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል። ማበጠሪያውንና ማሽኑን ሳያጸዱ ለሌላ ልጅ መጠቀም ደግሞ በሽታውን ማዳረስ ነው።

እስካሁን ያወራሁት ስለሚሳሳ ፀጉር ነው። ከተፈጥሮው ስስ የሆነ ፀጉር ሌላ ነው፤ በሽታ አይደለም፣ የሚድንም ነገር የለውም። የሚያስፈልገው ልክ ያለው አያያዝ ነው። እዚህ ላይ ከእናቶቼ ጋር የማልስማማበት ነገር ቅቤ ነው። ለጋ ቅቤ ለደረቅና ለወፍራም ፀጉር ጥሩ ማለስለሻ ነው፤ ሽታውም ሳይቀር ልጅነቴን ይመልስልኛል። ስስ ፀጉር ላይ ሲሆን ግን ዘለላውን እርስ በርስ አጣብቆ ቆዳው ላይ ያስተኛዋል፤ በመክፈያው መሐል ቆዳው ወለል ብሎ ይታያል። አዲስ ፀጉርም አያበቅልም። የጉሎ ዘይትም፣ የጥቁር አዝሙድ ዘይትም ያው ናቸው፤ ያለውን ያለሰልሳሉ፣ መሰበር ይቀንሳሉ፤ ከዚያ ያለፈ ቃል መግባት አልችልም። ለስስ ፀጉር ጥቂት ጠብታ ጫፉ ላይ ብቻ ይበቃል። ኮንዲሽነርም ከጆሮ በታች ላለው ነው፤ ሥሩ ጋ ሲደርስ ያከብደዋል።

ርዝመትም ያታልላል። ብዙ ሴቶች የሳሳውን ጫፍ ለመቁረጥ ይሳሳሉ፤ ወገብ ድረስ የወረደ ሦስት ቀጭን ዘለላ ከሙሉ ፀጉር ቆጥረው ያኖሩታል። ጫፉን ባንድ ቀጥ ያለ መስመር እስከ አገጭ ወይም እስከ ትከሻ ባሳጥረው ያው ፀጉር ዕጥፍ ሆኖ ይታያል። መክፈያውን ዓመቱን ሙሉ አንድ ቦታ አታድርጉት፤ ግራና ቀኝ አዘዋውሩት፤ ወይም ቀጥ ከማለት ይልቅ ጠመዝመዝ ይበል። ከፒያስትራ ይልቅ ትልልቅ ቢጎዲን ጠቅልሎ፣ ካስኩን መካከለኛ ሙቀት ላይ አድርጎ ማድረቅ ሥሩን ቀና ያደርገዋል። ሪላክሰር የምትቀባ አዲስ የበቀለውን ብቻ፣ ያውም ሁለት ወርና ከዚያ በላይ ቆይታ ትቀባ፤ በቀባችበት ሳምንት ደግሞ ሹሩባ አትሠራ። ኬሚካሉ ያላላውን ፀጉር በዚያው መጎተት ከማውቃቸው ጥፋቶች ሁሉ የከፋው ነው።

ዊግ የምትለብስ በሥሩ የሳቲን ኮፍያ ትልበስ፤ ሙጫ ዳሯ ላይ አታስነካ። ነጠላም ሆነ ሻሽ ግንባር ላይ አንድ ቦታ ሁልጊዜ ተጠብቆ ሲታሰር ያንኑ ዳር ይፈትገዋል፤ አላልቶ ማሰር ይቻላል።

ሚኖክሲዲልን ብዙዎች ይጠይቁኛል። መጀመሪያ የደም ግፊት መድኃኒት ነበር፤ ታካሚዎቹ ፀጉር ሲያበቅሉ ታይቶ ነው ለራስ የተዘጋጀው። የሚሠራላቸው ሰዎች አሉ፤ ነገር ግን ወራት ይፈልጋል፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መርገፉ ሊጨምር ይችላል፣ ሲቆም የበቀለው ተመልሶ ይረግፋል። ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት አይሆንም። ከጓደኛ ሰምቶ የሚገዛ ነገር አይደለም።

በመጨረሻ ስለ ሙሽሮች። ለጥር ወይም ከፋሲካ በኋላ ላለው ሠርግ ዳሯ የሳሳባት ሙሽራ የምትመጣው ሠርጉ ሳምንት ሲቀረው ነው፤ በዚያን ጊዜ መሸፈን እንጂ ማዳን አልችልም። አራት ወር ሲቀራት ብትመጣ ሹሩባውንና ስፌቱን አስፈትቼ ዳሩን አሳርፈዋለሁ፤ ሥሩ ገና ጠባሳ ካልያዘ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር አዲስ ፀጉር ሊኖራት ይችላል። ያ ርዝመት ወደ ኋላ ለስልሶ ለመተኛት ይበቃል። አልባሶ መሠራት የምትፈልገውን ደግሞ ወፍራሞቹን ጉንጉኖች ከአናቷ እጀምርላታለሁ፤ ግንባሯ ላይ ቀጫጭኖቹን አላልቼ አስቀምጣለሁ። ሚዜዎቿ «ጠበቅ አድርጊላት፣ ቀኑን ሙሉ ነው የምትጨፍረው» ሲሉኝ ቢፈርስ ማስተካከያ ይዤ አዳራሹ ድረስ እንደምመጣ እነግራቸዋለሁ፤ ስትጠራኝም እሄዳለሁ።