“በወር 300 ሺህ ጎብኚ አለን” ሲሏችሁ ስንት ሰው ማለት ነው ?

ባለፈው ሰሞን አንዲት የገጻችን ተከታታይ በውስጥ መስመር ጻፈችልን። ልብስና ጫማ በኦንላይን የምትሸጥ ወጣት ናት። አንድ ድረ ገጽ “በወር 300 ሺህ ጎብኚ አለን” ብሎ ስክሪንሻት ላከላት፤ እሷም አምና የአንድ ወር ማስታወቂያ ከፈለች። ወሩ አለቀ። “ማስታወቂያሽን አይቼ ነው” ብሎ የደወለላት አራት ሰው ብቻ ነው።

“ዋሹኝ ማለት ነው ?” ስትል ጠየቀችን።

ስክሪንሻቱን አስላክናትና አየነው። ቁጥሩ በፎቶሾፕ የተሠራ አይመስልም፤ 300 ሺህ የሚል ነገር በእርግጥም አለ። ችግሩ ከቁጥሩ በላይ በትንንሽ ፊደል የተጻፈው ቃል ላይ ነው። “ጎብኚ” አይልም። “ሂትስ” ነው የሚለው።

ይህቺ አንዲት ቃል ስንት ብር እንደምታስወጣ ብዙዎቻችን አናውቅም። ዛሬ የድረ ገጽ ጎብኚ እንዴት እንደሚቆጠር፣ ቁጥሩ የት ላይ እንደሚያብጥ፣ የት ላይ እንደሚያንስ እና ከመክፈላችሁ በፊት ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ እናያለን።

▪️ ቆጣሪው የሚያየው ምንድን ነው ?

አንድ ድረ ገጽ ስትከፍቱ ስልካችሁ ገጹ ወደተቀመጠበት ኮምፒውተር፣ ማለትም ወደ ሰርቨሩ፣ ጥያቄ ይልካል። አንድ ጥያቄ ብቻ አይደለም። ጽሑፉን ለብቻ፣ እያንዳንዱን ፎቶ ለብቻ፣ አርማውን ለብቻ ይጠይቃል።

ሰርቨሩ ደግሞ በር ላይ እንደተቀመጠ ጥበቃ እያንዳንዷን ጥያቄ መዝገብ ላይ ያሰፍራል፦ በስንት ሰዓት መጣ፣ ከየትኛው የኢንተርኔት አድራሻ፣ የትኛውን ፋይል ፈለገ፣ በምን ዓይነት ብሮውዘር።

“ሂት” የሚባለው አንዷ ጥያቄ ናት። እንበልና አንድ ገጽ ከነፎቶዎቹ 30 ፋይል አለው። አንድ ሰው አንድ ጊዜ ሲከፍተው 30 ሂት ተመዘገበ ማለት ነው።

እስቲ እናስላው። 300 ሺህ ሂት ለ30 ሲካፈል ገጽ የተከፈተው 10 ሺህ ጊዜ ነው። አንድ ሰው በወር ውስጥ በአማካይ 5 ገጽ ከከፈተ ደግሞ 2 ሺህ ሰው ይሆናል። ከ300 ሺህ ተነስተን 2 ሺህ ላይ ደረስን፤ ማንም ቁጥሩን አልነካውም።

▪️ አራቱ ቃላት

ድረ ገጹን እንደ አንድ የልብስ ሱቅ አስቡት።

👉 ሂት፦ መደርደሪያው ላይ ያለ እያንዳንዱ ዕቃ በታየ ቁጥር የሚቆጠር ነው። ስለ ሰው ብዛት ምንም አይነግራችሁም።

👉 ፔጅ ቪው፦ ገጹ ስንት ጊዜ ተከፈተ የሚለው ነው። አንድ ሰው ሪፍሬሽ ባደረገ ቁጥር ይጨምራል።

👉 ሴሽን ወይም ጉብኝት፦ ደንበኛው አንዴ ገብቶ እስኪወጣ ያለው ነው። በጎግል አናሊቲክስ፣ ባለቤቱ ካልቀየረው በቀር፣ ለ30 ደቂቃ ምንም ካልነካችሁ ጉብኝቱ እንዳበቃ ይቆጠራል። ቡና ጠጥታችሁ ከ40 ደቂቃ በኋላ ብትመለሱ ሁለተኛ ጉብኝት ነው።

👉 ዩዘር ወይም ተጠቃሚ፦ ከአራቱ ለ“ሰው” የሚቀርበው ይሄ ነው። ግን እሱም ሰው አይደለም።

▪️ “ተጠቃሚ” ለምን ሰው አይሆንም ?

ድረ ገጾች የሚያውቁን በ“ኩኪ” ነው። ኩኪ እ.ኤ.አ በ1994 ኔትስኬፕ የተባለው የብሮውዘር ኩባንያ ውስጥ ይሠራ የነበረው ሉ ሞንቱሊ ያመጣው ዘዴ ነው። ድረ ገጹ ብሮውዘራችሁ ላይ ትንሽ መለያ ቁጥር ያስቀምጣል፤ ስትመለሱ ያንን ቁጥር አይቶ “እኚህ ትናንት መጥተው ነበር” ይላል።

ነገር ግን የሚያውቀው ብሮውዘሩን እንጂ እናንተን አይደለም። ጠዋት ሊንኩን ከአንዱ አፕ ሳትወጡ በራሱ መስኮት ከፈታችሁት፣ ቀን ላይ በክሮም፣ ማታ በቢሮ ኮምፒውተር። ቆጣሪው ሦስት ተጠቃሚ ሊላችሁ ይችላል። የብሮውዘሩን ዳታ ካጸዳችሁ አራተኛ ትሆናላችሁ። በተቃራኒው አንድ ስልክ ከእህት ወንድም ጋር ተቀባብላችሁ ብታነቡ ሁላችሁም አንድ ናችሁ።

“ታዲያ በኢንተርኔት አድራሻ ለምን አይቆጠርም ?” ትሉ ይሆናል። በሞባይል ኔትወርክ ላይ ብዙ ስልኮች አንድ አድራሻ ሊጋሩ ይችላሉ፤ የአንድ ስልክ አድራሻም ይለዋወጣል። እሱም አያዛልቅም።

▪️ ቁጥሩ የሚያንስበትም ጊዜ አለ

ጎግል አናሊቲክስን የመሳሰሉት የሚቆጥሩት ገጹ ውስጥ በተቀመጠ አጭር ኮድ ነው። ኮዱ ስልካችሁ ላይ ተጭኖ መሥራት አለበት። ኔትወርኩ ተንቀራፎ፣ ኮዱ ሳይደርስ “በቃ ተዉት” ብላችሁ ከዘጋችሁ መምጣታችሁ አይመዘገብም። ማስታወቂያ የሚያግድ አፕ የሚጠቀሙ ሰዎችም ብዙ ጊዜ ከቆጠራው ይወጣሉ።

ቦታም ይሳሳታል። በ2015 ዓ.ም ከየካቲት ጀምሮ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ በኢትዮጵያ ለአምስት ወር ያህል ተገድበው እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ያኔ ብዙዎቻችን ቪፒኤን ከፍተን ነበር የምንውለው። ቪፒኤኑ እንደበራ አንድ የአገር ውስጥ ድረ ገጽ ከከፈትን ቆጣሪው የሚያየን የቪፒኤኑ ሰርቨር ያለበት አገር ነው። ጅማ ቁጭ ብሎ ያነበበው ሰው አምስተርዳም ተብሎ ይመዘገባል። የድረ ገጹ ባለቤት “የዲያስፖራ አንባቢ ጨመረልኝ” ብሎ ቢደሰት አይፈረድበትም።

▪️ ሰው ያልሆኑ ጎብኚዎች

ኢንተርኔት ላይ ከሰው ሌላ “ቦት” የሚባሉ ፕሮግራሞች ቀን ከሌት ይዞራሉ። አንዳንዶቹ ጠቃሚ ናቸው፤ ጎግል ላይ ስትፈልጉ ውጤት የምታገኙት የጎግል ቦት ገጾቹን ቀድሞ ስለጎበኘ ነው። የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ኩባንያዎችም ጽሑፍ የሚሰበስቡ ቦቶች አሏቸው።

ኢምፐርቫ የተባለው የሳይበር ደህንነት ድርጅት እ.ኤ.አ በ2024 ከኢንተርኔት ትራፊክ 51 በመቶው የቦት እንደነበር ሪፖርት አድርጓል። ድርጅቱ ራሱ የቦት መከላከያ ይሸጣል፤ ቁጥሩን ስታዩ ይህንንም አብራችሁ አስቡ። ሆኖም ከሰርቨር መዝገብ ላይ በቀጥታ የተወሰደ ቁጥር ብዙ ቦት ሊይዝ እንደሚችል ጥርጥር የለውም። ጎግል አናሊቲክስ የታወቁ ቦቶችን ይቀንሳል፤ ሰው መስለው የሚመጡትን ግን ሁሉንም አይዝም።

ሰው መስለው የሚመጡት ደግሞ ብር አለባቸው። እ.ኤ.አ በ2016 መጨረሻ “ሜትቦት” የተባለ የማጭበርበሪያ መረብ ይፋ ሆነ። ሰዎቹ በተከራዩዋቸው ሰርቨሮች ላይ ማውዝ የሚያንቀሳቅስ፣ ቪዲዮ የሚያይ ፕሮግራም ጭነው ሰው አስመሰሉት። አስተዋዋቂዎች አንድም ሰው ላላየው ማስታወቂያ ከፈሉ። የመረቡ መሪ የተባለው የሩሲያ ዜጋ እ.ኤ.አ በ2021 ኒውዮርክ ላይ 10 ዓመት እስር ተፈርዶበታል። ዐቃቤ ሕግ የተጭበረበረውን ገንዘብ ከ7 ሚሊዮን ዶላር በላይ ብሎታል።

▪️ ትልልቆቹስ ?

እ.ኤ.አ በ2016 ፌስቡክ ሰዎች ቪዲዮ ላይ በአማካይ የሚቆዩበትን ጊዜ ለሁለት ዓመት ያህል አጋኖ ሲያሳይ እንደነበር አመነ። ስህተቱ የማካፈል ነው። አማካዩን ሲያሰላ ከ3 ሰከንድ በታች አይተው ያለፉትን ሰዎች ከስሌቱ አስወጥቶ ነበር። ቶሎ የሰለቹት ካልተቆጠሩ የቀረው ሁሉ የወደደው ይመስላል። አስተዋዋቂዎች ከሰሱ፤ እ.ኤ.አ በ2019 ጉዳዩ በ40 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተቋጨ።

የደረጃ ወሬም አለ። “በአሌክሳ ከኢትዮጵያ ከ10ሮቹ ውስጥ ነን” የሚል የማስታወቂያ ፕሮፖዛል ካያችሁ ቀኑን ተመልከቱ። የአማዞን ንብረት የነበረው የአሌክሳ ደረጃ እ.ኤ.አ ግንቦት 1 ቀን 2022 ተዘግቷል። በነበረበት ጊዜም በአብዛኛው የሚገምተው የብሮውዘር ተቀጥላ ከጫኑ ሰዎች እንቅስቃሴ ተነስቶ ነበር፤ ስልክ ብቻ የሚጠቀመው አንባቢ እዚያ ውስጥ እምብዛም አይታይም።

▪️ ስለዚህ ምን ልጠይቅ ?

1️⃣ ቃሉን ጠይቁ። “300 ሺህ ምን ?” በሉ። ሂት ? ፔጅ ቪው ? ተጠቃሚ ?

2️⃣ ጊዜውን ጠይቁ። የአንድ ወር ሳይሆን የሦስት ወር ግራፍ ይታያችሁ። አንድ ቀን ብቻ ሰማይ ነክቶ ከወረደ ያ አንድ የተሰራጨ ዜና ነው እንጂ ቋሚ አንባቢ አይደለም።

3️⃣ ከየት እንደመጡ ጠይቁ። የምትሸጡት አዲስ አበባ ከሆነ የሌላ አገር ጎብኚ አይጠቅማችሁም። “ቀጥታ” ተብሎ የሚመዘገበው ግን ሁሉ አድራሻውን ጽፎ የገባ አይደለም፤ ከቴሌግራምና ከመሳሰሉት አፖች የተከፈተ ሊንክ ምንጩ ሳይታወቅ ብዙ ጊዜ እዚያ ውስጥ ይገባል።

4️⃣ ምን ያህል እንደቆዩ ጠይቁ። አዲሱ ጎግል አናሊቲክስ አንድን ጉብኝት “የተሳተፈ” የሚለው ከ10 ሰከንድ በላይ ከቆየ፣ ሁለት ገጽ ከታየ ወይም ባለቤቱ ቁልፍ ብሎ የመረጠው ነገር ከተፈጸመ ነው። ብዙው ጉብኝት ይህችን እንኳ ካላሟላ ማስታወቂያችሁን ማን ያየዋል ?

5️⃣ ስክሪንሻት አትቀበሉ። “ዳሽቦርዱን እፊቴ ክፈቱልኝ” ወይም “የተመልካች ፈቃድ ስጡኝ” በሉ። ጎግል አናሊቲክስ ምንም መቀየር ሳትችሉ ማየት ብቻ የምትችሉበት ፈቃድ አለው፤ መስጠትም የደቂቃዎች ሥራ ነው።

6️⃣ ራሳችሁ ቁጠሩ። ማስታወቂያ ለምታወጡበት ለእያንዳንዱ ቦታ የተለየ ሊንክ አዘጋጁ። “ዩቲኤም” የሚባለው ሊንኩ መጨረሻ ላይ የሚቀጠል ምልክት ጎብኚው በየትኛው ማስታወቂያ እንደመጣ ይነግራችኋል። ድረ ገጽ ከሌላችሁም ቀላል ነው፦ ለአንዱ ገጽ “ቀይ” ለሌላው “ሰማያዊ” የሚል የቅናሽ ቃል ስጡ። ደንበኛው ሲደውል የሚናገረው ቃል የትኛው ብር እንደሠራላችሁ ያሳያችኋል።

▪️ ወደ ልጅቷ ጥያቄ ስንመለስ

ዋሿት ወይ ? ሰርቨሩ አልዋሸም። 300 ሺህ ሂት ብሎ ቆጥሯል። “ሂት” የሚለውን “ጎብኚ” ብሎ የሸጠላት ሰው ግን ትክክል አልሠራም፤ አውቆትም ይሁን ሳያውቅ። በእኛ ምሳሌ 2 ሺህ ሰው ደረስን፤ ከእሱ ላይ ቦቱን፣ ሁለቴ የተቆጠረውን፣ ሌላ አገር ያለውን ስትቀንሱ አራት ስልክ መደወሉ አይገርምም።

ዳሽቦርዱን እንድትጠይቅ ነገርናት። ጠየቀች። “ለደንበኛ አናሳይም” አሏት። ውሉን አላሳደሰችም። ቀጣዩን ማስታወቂያ በትንሽ ብር ሦስት ቦታ ከፋፍላ፣ ለእያንዳንዱ የራሱን የቅናሽ ቃል ሰጥታ እየሞከረች ነው።

እኛም ከደሙ ንጹሕ አይደለንም። ከዚህ በፊት “ይህን ዜና ይህን ያህል ሺህ ሰው አየው” ብለን የለጠፍንባቸው ጊዜያት አሉ። የምናየው ግን የቪው ቁጥር ነው። ቴሌግራም ላይ ለምሳሌ ፖስቱ ወደ ሌላ ቦታ ፎርዋርድ ተደርጎ ሲታይም እዚያው ዓይን ምልክቷ ላይ ይደመራል። ማለት የነበረብን “ይህን ያህል ጊዜ ታየ” ነው።

ከዛሬ ጀምሮ እንደዚያ ነው የምንጽፈው። ማስታወቂያ ሊያስነግር የሚመጣ ሰውም ቁጥራችንን በስክሪንሻት ሳይሆን ከፍተን እናሳየዋለን። ካላሳየን ይሄን ጽሑፍ አንሱና አሳዩን።

ኦንላይን የሚነግድ ጓደኛ ካላችሁ ከመክፈሉ በፊት ሼር አድርጉለት።